ገደል ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

ሕግ የሚወጣው ሰው እንዳይጎዳዳ ነው የሚል ካጋጠማችሁ፣ ያ ሰው አንድም ስብሰባ ገብቶ አያውቅም። ሕግ የሚወጣው እኔ የማልችለውን አንተም እንዳታደርገው ነው! ሯጭ ያልሆነ «ሩጫ ይከልከል» ይላል፤ ድምፁ የማያምር «ዘፈን ይቅር» ይላል፤ ጥርስ የሌለው ደግሞ ቆሎ ለጤና ጥሩ እንዳልሆነ ያስተምራል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም... የተማርኩት መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የዘሃራ ጌም ቤት ነው።

አትሳቁ! የከተማዋ ስም «የሰላም ቦታ» መሆኑን አውቃለሁ። እኛ ግን የምንውለው ስንደባደብ ነበር... በቴሌቪዥን ቢሆንም።

እኔ ያኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ዘሃራ ደግሞ ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። ሌላው ተመላሽ ወርቅና ሽቶ ሲያመጣ፣ እሷ ትልቅ ቴሌቪዥንና የጌም ማሽን አስጭና መጣች። «ሻይ ቤት ብትከፍቺ አይሻልም?» ሲሏት፣ «ሻይማ ሁሉም በየቤቱ ያፈላል። በየቤቱ የሚደባደብበት ቴሌቪዥን ግን የለውም» ብላ በአባቷ ግቢ የፊተኛውን ክፍል ከፈተች። አባቷ ሸህ ይማም በጓሮው ክፍል ቁርኣን ያስቀራሉ። እንግዲህ አስቡት... ከጓሮ ቁርኣን ይቀራል፣ ከፊት ቡጢ ይሰነዘራል።

ያለን አንድ የድብድብ ጨዋታ ብቻ ነው። ጽሑፉ የቻይና ይሁን የጃፓን ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ለተደባዳቢዎቹ ስም ያወጣንላቸው እኛ ነን። ፊቷ የማይፈታውን ሴትዮ «ገንዘብ ያዧ» አልናት። ጢሙ የረዘመውን «ሽማግሌው» አልነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ እንደፈለጉ የሚበሩና የሚጠፉ ነገሮች አሉት። አንደኛው ገደል ነው፤ ከበራ መድረኩ ዳርና ዳር ገደል ይሆንና የተገፋ ሰው ወድቆ ይሸነፋል። ሌላው ዳቦ ነው፤ ከሰማይ ዱብ ይላል፣ ቀድሞ ያነሳው ጉልበቱ ይመለስለታል። የመጨረሻው ንዴት ነው፤ ተደብድቦ ሊያልቅለት የደረሰ ሰው እንደ ፍም ይቀላና አንዱ ቡጢው የሦስት ቡጢ ያህል ይሆናል።

እኔ የገደል ሰው ነኝ። መደባደብ አልችልም፤ መግፋት ግን እችላለሁ። ሰይድ የንዴት ሰው ነው። ሰይድ ልብስ ሰፊ ነው፤ መርፌ ሲይዝ ከሐር የለሰለሰ ሰው፣ ጨዋታ ላይ ግን ሆን ብሎ ይደበደብና፣ ይደበደብና... ቀልቶ ይነሳባችኋል! ብርሃኑ ደግሞ የዳቦ ሰው ነው። ቀበሌ ነው የሚሠራው። ድብድቡን ትቶ ሰማይ ሰማይ እያየ ዳቦ ይጠብቃል።

አንድ ከሰዓት ሰይድ ሊቀላብኝ ጥቂት ሲቀረው ገንዘብ ያዧን አስነስቼ ገፋሁት። ሰይድ ጆይስቲኩን ወርውሮ ተነሳ።

«ቲቸር ገደል ከተተኝ! ወላሂ ገደል ከተተኝ!»

ጩኸቱ ግቢውን አልፎ መንገድ ወጣ። እኛ አገር ደግሞ ገደል ቀልድ አይደለም፤ ሰው ገባ ከተባለ ይደረሳል። ጎረቤቱ አንዱ ገመድ፣ አንዱ ቃሬዛ ይዞ ከች አለላችሁ! ከፊት ከፊት ሸህ ይማም ናቸው።

«ማነው የገባው?»

«እኔ ነኝ ሸህዬ» አለ ሰይድ፣ ደህና ቆሞ።

«ገደሉስ የታል?»

ሰይድ በጣቱ ቴሌቪዥኑን አሳያቸው።

ሸህ ይማም ቴሌቪዥኑን አዩ። ገመዱን አዩ። ሰይድን አዩ። ከዚያ ለጎረቤቱ «አጀራችሁን አላህ ይክፈላችሁ፣ ግቡ» ብለው አሰናበቱና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ዘሃራ፣ የጠብ ቤት በግቢዬ አልፈልግም። ይዘጋ።»

«አባ፣ ከተዘጋ ምን ልሥራ? ተመልሼ ልሂድ?»

ሸህ ይማም ልጃቸው ጅዳ በነበረች ጊዜ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልባቸው እንዴት ይሸበር እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። እሳቸውም «እንዲያ ከሆነ በዒድ ማግስት ሰው ሰብስቢና አጫውቺ። እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ። ያለ ጠብ ካለቀ ይቀጥል። ከተጣሉ ግን ቁልፉን ለኔ ታመጫለሽ» አሉ።

ዘሃራ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ከጎረቤታችን ከወረኢሉ ከተማ ተጫዋቾችን ጋበዘች፤ ለአሸናፊው ከጅዳ ያመጣችውን ባለ አንበሳ ብርድ ልብስ ሽልማት አለች። የመካነ ሰላምን ብርድ የቀመሰ ሰው ያ ብርድ ልብስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል! ከዚያ እኛን ጠርታ፣ «እንግዳ ሳይመጣ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደሚከለከል ተስማሙ። እንግዳ ፊት ብትጣሉ ወላሂ እናንተን ነው ገደል የምከታችሁ» አለችን።

ተሰበሰብን። ያ ዘመን መቼም ታስታውሱታላችሁ፤ ዶሮ እንቁላል ስትጥል እንኳ ግምገማ የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር። ብርሃኑ ራሱን ሰብሳቢ አድርጎ መርጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የመጀመሪያው አጀንዳ ገደል ነው። እንደኔ እንደኔ ገደል ኪራይ ሰብሳቢነት ነው። ሳይለፉ፣ ሳይደክሙ፣ ገፍቶ ማሸነፍ!»

«እንዴ!» አልኩ፣ «ገደል ተፈጥሮ ነው! አንድ የዓባይ ጎረቤት እንዴት ገደል ይከልከል ይላል? መልክዓ ምድራችንን እንካድ?»

«አቦ ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ አይደለህም» አለ ሰይድ። «ገደል ይከልከል!»

ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ። ሆዴ ቆሰለ... ሆዱ የቆሰለ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

«መልካም» አልኩ። «ወደ ዳቦ እንለፍ። ቆሞ ከሰማይ የሚጠብቅ ሰው ተጫዋች ነው ወይስ ተረጂ?»

ብርሃኑ ደነገጠ። «ዳቦ የምግብ ዋስትና ነው!»

«ጥገኝነት ነው!» አለ ሰይድ፣ የብርሃኑን ቋንቋ ተውሶ። ዳቦም ወደቀ። አሁን በሉ፣ የማን ተራ ቀረ?

«ንዴትስ?» አለ ብርሃኑ፣ ዓይኑ ቀልቶ።

«የተደበደበ ሰው ቢናደድ መብቱ ነው» አለ ሰይድ።

«በንዴት የሚገኝ ድል ዘላቂ አይደለም» አለ ብርሃኑ። እኔም እጄን አወጣሁ። ንዴትም ተከለከለ።

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። ግን የከለከለ እጅ ዝም ብሎ አይወርድም! ሰይድ በእግር መጥለፍ ይቅር አለ፤ ጠልፌ እንደምገፋ ስለሚያውቅ። እኔ አንቆ መያዝ ነውር ነው አልኩ፤ ብርሃኑ ይዞ ስለማይለቅ። ብርሃኑ እየዘለሉ መርገጥ የባህላችን አይደለም አለ፤ ሰይድ ስለሚዘል። በመጨረሻ ቡጢም ቀረ፤ ማን እንዳነሳው እንኳ አላስታውስም። ስንወጣ ምንም ያልቀረው ጨዋታ በሙሉ ድምፅ አጽድቀናል። ዘሃራ ሰምታ ሰምታ፣ «መሸሽስ?» አለችን።

ተያየን። ስለ መሸሽ አልተነጋገርንም ነበር።

የዒድ ማግስት ደረሰ። ወረኢሉዎች በጭነት መኪና ላይ እየዘፈኑ ገቡ። አለቃቸው አሊ የሚባል ሥጋ ቤት ያለው ግዙፍ ሰው ነው፤ አንዱ ጣቱ ሁለት ቁልፍ ባንዴ ይጫናል። ሕጉን ስንነግረው «ኢንሻ አላህ» አለ እንጂ አልተከራከረም። ይኼኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሸህ ይማም ከፊት ወንበር ተሰጣቸው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ፤ መስኮቱ ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠለጠለ። ብርሃኑና አንድ ወረኢሉ ጀመሩ... ጀመሩ ስል ተቀመጡ ማለቴ ነው። የብርሃኑ ሰውዬ ወደ ግራ ጥግ፣ የወረኢሉው ወደ ቀኝ ጥግ ሸሸ። ቆሙ። ሰዓቱ አለቀ። እኩል ወጡ። ደገሙት፤ አሁንም ሸሹ። ሰይድ ተተካ፤ እሱም ሸሸ። ከመስኮቱ ላይ አንድ ሰው እንቅልፍ ወስዶት ሊወድቅ ነበር!

ሸህ ይማም ወደኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ምን እየጠበቁ ነው?»

«ምንም ሸህዬ። ሕጉ ነው።»

«ሕጉ ምን ይላል?»

ነገርኳቸው። ገደል የለም፣ ዳቦ የለም፣ ንዴት የለም፣ መጥለፍ፣ መያዝ፣ መዝለል፣ ቡጢ የለም...

«ታዲያ ምን ቀራቸው?»

«መሸሽ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሸህ ይማም ከልባቸው ሳቁ፤ ጥምጣማቸው ዘመም እስኪል። «ያ ረቢ! እኔ ጠብን ከለከልኩ እንጂ ጨዋታን መቼ ከለከልኩ? ዘሃራ፣ የከለከሉትን ሁሉ መልሽላቸው!»

ዘሃራ ሁሉንም አበራችው። ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ... ሰው ይወድቃል፣ ዳቦ ይዘንባል፣ ሰይድ ይቀላል! ብርሃኑ ዳቦ ሲለቅም አሊ ከኋላ መጥቶ ከነዳቦው ሸኘው። ሰይድ ለመናደድ ሲደበደብ፣ ሳይናደድ አለቀለት። በመጨረሻ አሊና እኔ ቀረን። የከተማው ክብር፣ የዘሃራ ቤት፣ ባለ አንበሳው ብርድ ልብስ... ሁሉም በእጄ ላይ ነው።

የአሊን ተደባዳቢ፣ ጢሙ የረዘመውን ሽማግሌውን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አደረስኩት። ገንዘብ ያዧ እጇን አነሳች። ልገፋው ስል፣ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ።

«አቁሙ» አሉ ሸህ ይማም።

ዘሃራ አንዲት ቁልፍ ተጫነች። ሁሉም ቀጥ አለ። ገንዘብ ያዧ እጇን እንደዘረጋች፣ ሽማግሌው አንድ እግሩን አንስቶ... አየር ላይ ቀሩ። ሸህ ይማም ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ።

«ስንመለስ እንዲሁ ናቸው?»

«እንዲሁ ናቸው አባ።»

«ማሻ አላህ! ጠብን እንዲህ የሚያቆም ቁልፍ ኖሮ ነው የምንጨነቀው?»

ሰጋጆቹ ሄዱ። እኔና ብርሃኑ ቀረን። ያን ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብዬ አሊን በየት በኩል እንደምገፋው አሰላሁ። ንፋስ አሰላሁ፣ ተዳፋት አሰላሁ፤ ጂኦግራፊ የተማርኩት ለዚች ቀን ነው አልኩ! ብርሃኑ ደግሞ በጆሮዬ «ስትራቴጂክ ሁን፣ ስትራቴጂክ ሁን» ይለኛል። ተመለሱ። ዘሃራ ቁልፏን ተጫነች። በሙሉ ኃይሌ ገፋሁ።

አሊ በዚያ ወፍራም ጣቱ አንዴ ብቻ ነካ አደረጋት። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለ። ገንዘብ ያዧ ባዶ አየር ገፍታ፣ ቀሚሷ እየተርገበገበ... ሄደች። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ያሉት ለካ ስለኔ ነው!

ሁሉም የሚያየው ቴሌቪዥኑን አይደለም፤ እኔን ነው። ጆይስቲኩ በእጄ ውስጥ ይግላል። ንዴቱ ከእግሬ ተነስቶ ጆሮዬ ደረሰ። ዘሃራን አየኋት፤ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። ሸህ ይማምን አየኋቸው፤ ዓይናቸው በሩ ላይ በተንጠለጠለው ቁልፍ ላይ ነው።

ጆይስቲኩን ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩ። ተነስቼ አሊን አቀፍኩት፤ ማለቴ ክንዴ እስከደረሰበት ድረስ።

«ይቅናህ ወንድሜ። እንዴት አድርገህ ነው?»

«ሕጉን ስታወጡ» አለ አሊ ረጋ ብሎ፣ «እኛ እንለማመድ ነበር።»

ወረኢሉዎች ብርድ ልብሱን እንደ ባንዲራ እያውለበለቡ ሄዱ። ብርሃኑ «ምርጥ ተሞክሮ ነው» አለ። ዘሃራ አልሰማችውም፤ ቁልፉን ከበሩ ነቅላ፣ ፍርዳቸውን ለመስማት ወደ አባቷ ዘረጋች። ሸህ ይማም እጇን በእጃቸው አጠፉት።

«ያዥው። ሰው ገደል ገብቶ ከተቃቀፈ ምን ቀረው? የኔ ሕግ አንዲት ናት። አዛን ሲል ያቺን የማቆሚያ ቁልፍ ተጫኚ። ሌላውን እንደፈለጋችሁ ሁኑ።»

ከሕግ ሁሉ ይህቺ ጸናች። ጸናች ብቻ? ተወደደች! በቃ፣ የሚሸነፍ ሰው ሁሉ አዛን ይሰማው ጀመር። ሰይድ ጉልበቱ ሊያልቅ ሲል «አዛን ነው፣ አቁሚ!» ይላል። እኔም... አዎ፣ አንድ ሁለቴ ሰምቻለሁ። ከሁላችንም የባሰው ግን የኪዳነ ምሕረቱ ማኅበርተኛ ብርሃኑ ነው። አንድ ቀን አናቱን እየቀጠቀጥኩት ሳለሁ ጆይስቲኩን ጥሎ ተነሳ።

«አዛን ነው! አቁሙ፣ አዛን!»

ሸህ ይማም ከደጅ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ልጄ ብርሃኑ፣ ሃይማኖት ወዳድነትህን አላህ ይይልህ» አሉት። «ግን አዛን የሚያደርገው ሰውዬ እኮ እዚህ አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነው።»