የነቀዝ ወንፈል

የተማረ ሰው እርዳታ መጠየቅ አያውቅም! አትቆጡኝ... እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም የልጅ ልጆቼ እየሳቁብኝ። ነገር ግን ወንፈል የሚገባው ጎረቤት ያጣ ገበሬ አይቼ አላውቅም። ብቻዋን የምትለፋ ምሁር ግን ከጓሮዬ ቤት ተከራይታ ነበር።

ሚስ ላታ ትባላለች። ከህንድ መጥታ አምቦ ባዮሎጂ ታስተምራለች። አልጋዋ ሥር ስንዴና ነቀዝ የሞሉ አሥራ ሁለት የማርማላታ ጠርሙሶች ደርድራለች። አንዱ ውስጥ የብሳና ቅጠል፣ አንዱ ውስጥ አመድ ጨምራ ነቀዝ የሚጠላውን ትፈልጋለች። ኮንትራቷ ሊያልቅ አምስት ወር ቀርቶታል። እስከዚያ ውጤቱን ለእርሻ ምርምር ስብሰባ ካላቀረበች፣ ልፋቷ ሳይታይ አገሯ ልትገባ ነው።

«ሥራሽን አይቶ የሚያርምሽ የለም?» አልኳት።

«ማን አለ እማማ?»

ማን አለ?! እዚሁ አምቦ የሰብል በሽታ የምታጠና ቡልጋሪያዊት፣ ዶክተር ኤሌና አለች! ጊንጪ ደግሞ የኬሚስትሪ አስተማሪዋ ሚስ ሜሪ አለች፣ እሷም ከህንድ! ሦስቱም ለየብቻ ከግድግዳ ጋር ያወራሉ። ሁለቱን አስጠርቼ ሕግ አወጣሁ፦ አንድ ቅዳሜ የላታን፣ አንድ ቅዳሜ የኤሌናን፣ አንድ ቅዳሜ የሜሪን ሥራ ሦስታችሁም ትሠራላችሁ። ታላቅ ለታናሽ ታሳያለች፤ ታናሽም የምታውቀውን አትደብቅም።

«ሴሚናር ማለት ነው?» አለች ኤሌና።

«ወንፈል ማለት ነው!»

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት... ግን ወንፈል በሦስት ሰው ያምራል? የላታ ቅዳሜ ሲደርስ የሰፈሬን ሴቶችም ጠራሁ። «የላታን ስንዴ ነቀዝ ፈጅቶታል፣ ኑ አግዙ» ብዬ፣ ከላታ ጋር ሜሪን ከአውቶቡስ ልቀበል ወጣሁ።

ስንመለስ ጎረቤቴ ጫልቱ ሰፌዷን እያራገፈች በኩራት ቆማለች። ጠርሙሶቹ ታጥበው ፀሐይ ላይ ተደፍተዋል። ስንዴው ተበጥሮ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ገብቷል።

«ነቀዙስ?» አለች ላታ።

«ለዶሮ ሰጠነው! አንድም አልቀረ!»

ላታ መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» ጫልቱ ደነገጠች። «ስንዴሽን እንደሆነ አንድ ፍሬ አልቀነስንም!»

እስቲ እናንተ ፍረዱ። የነቀዘ እህል አይታ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ የአምቦ ሴት አለች? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነቀዝ የሚፈለግበት ቤት እንዳለ አልነገርኳቸውም።

ላታ ሻንጣዋን መሸከፍ ስትጀምር ዶክተር ኤሌና ደረሰች። ነገሩን ሰማች... ሳቀች! ለካ አገሯ ሳለች ዓመት ሙሉ ለጥናት ያሳደገችውን ሻጋታ ጽዳት ሠራተኛዋ በሳሙና አጥባባታለች። የሜሪ ደግሞ ይባስ፦ ለጥናት ያበቀለችውን ባቄላ አማቷ ቀቅለው ለእራት አቅርበውላታል።

«ከዚያስ ምን አደረጋችሁ?» አለች ላታ ዕንባዋን እየጠረገች።

«እንደገና ጀመርን» አለች ኤሌና። «ያውም ብቻችንን።»

ፍርዱን እኔ ሰጠሁ፦ ዶሮዋን ያበላች ሁሉ ነቀዝ ታርባ! እኔን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሴቶች አንዳንድ ጠርሙስ ወሰድን። ነቀዙን ከየጎታችን አዋጣን፤ የእኔ እህል አይነቅዝም ትል የነበረች ሁሉ እፍኝ ሙሉ ይዛ መጣች። ሜሪ ቅጠሉን መዘነች፣ ኤሌና አቆጣጠሩን አስተማረችን። በሰፈራችን ሰላምታው «ነቀዞችሽ እንዴት አደሩ?» ሆነ። የአመዱ ጠርሙስ የደረሳት ጫልቱ የእሷ ነቀዝ ከሁሉ በለጠ ብላ ትጎርር ነበር። አመዷ አልሠራም ማለት ነው... ግን ማን ይንገራት!

ላታ በቀኗ ደረሰች። ጽሑፏ ላይ ከሦስቱ ስም ቀጥሎ የአሥራ ሁለታችንን ስም ጽፋ፣ ተያይዘን ጽሑፎቹን ወደሚቀበለው ኃላፊ ገባን። ሰውየው አነበበ። «ግሩም ነው፣ በስብሰባው ይቀርባል» አለ። እልል ልንል ስንል እስክሪብቶውን አወጣና ከሁሉ በላይ የራሱን ስም ጻፈ። ቀጥሎ ወደ እኛ ወረደ።

«እነዚህ ሳይንቲስት አይደሉም፤ ይሰረዙ።»

«ኦቦ» አልኩ፣ «እርስዎ ስንት ነቀዝ አርብተዋል?»

እስክሪብቶው ትንሽ አመነታና... ወደ ላይ፣ ወደ ራሱ ስም ወጣ።