ሐጂ ሁመድና የውኃው ቦቴ

እርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ደፋር ይመስላችኋል? እኔም ከመቀጠሬ በፊት ይመስለኝ ነበር። ሰመራ ላይ ባንዲራ የሰቀለ ነጭ መኪና ሲያልፍ አይታችሁ «እነዚህስ ጥይት አይፈሩም» ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እንፈራለን። ያውም በመመሪያ ነው የምንፈራው፤ የት መቆም፣ መቼ መመለስ እንዳለብን ሥልጠና ወስደናል።

ባለፈው በጋ ከሾፌራችን ከጌታሁን ጋር ዱብቲ ላይ ቦቴውን ውኃ ሞልተን፣ ግጭት ሸሽተው ሜዳ ላይ ወደ ሰፈሩ ሰዎች እንሄዳለን። ውኃ ካለቀባቸው ሰንብቷል። እኔ የአዋሽ ልጅ ነኝ፣ ሙቀት ብርቄ አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን መሪው እንኳ እጅ ያቃጥል ነበር። አንዲት መንደር ስንደርስ «ወደፊት ተኩስ ተሰምቷል» አሉን። ጌታሁን ጥግ ይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«እኔ እመለሳለሁ። ልጆች አሉኝ» አለ።

ምን ልበለው? እኔም አሉኝ።

ይኼኔ አንድ ሽማግሌ ከግራር ጥላ ሥር ተነሥተው መጡ። ሐጂ ሁመድ ይባላሉ።

«ውኃውን ወዴት ልትመልሱት ነው?»

«ወደ ዱብቲ።»

«ዱብቲማ ወንዝ አለ» አሉ።

እሳቸው ግመል እየነዱ ከደረሱ ሰዎች ጋር ቁጭ ብለው፣ አፋሮች ዳጉ በሚሉት የወሬ ልውውጥ፣ ከዝናቡ እስከ ከብቱ ረጋ ብለው ተጠያየቁ። ሲመለሱ «መንገዱ ሰላም ነው፤ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አሉ። ተሳፋሪ መጫን ክልክል ነውና ሰመራ ላለው አለቃዬ ደወልኩ። ሁሉንም ዘርዝሬ ስጨርስ «አይሰማኝም፣ ኔትወርክ የለም» ብሎ ዘጋው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥርት አድርጎ ሲሰማኝ ነበር። እንዲህ ያለ አለቃ ይስጣችሁ።

ሐጂ መሐላችን ተቀመጡ። መንገድ ላይ ክፉ አልገጠመንም። ስንደርስ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ከበቡን፤ ሐጂ ግን በቀጥታ ወደ አንዲት የሰሌን ጎጆ ገሠገሡ። አንዲት አራስ ወጥታ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። ልጃቸው ናት። ከሸሸች ወዲህ ሊያዩዋት ያለፈውን መኪና ሁሉ ለምነው፣ የሚጭናቸው አጥተው ኖሯል።

«ሐጂ፣ ግመለኞቹ በእርግጥ መንገዱ ሰላም ነው ብለዋል?» አልኳቸው።

ሕፃኑን እንደታቀፉ ፈገግ አሉ። «እነሱ የመጡት በሌላ በኩል ነው።»

«ታዲያ እርስዎ እንዴት አወቁ?»

«አላወቅሁም።»

ጌታሁን ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ሕፃኑን አየ፤ ውኃ እየተሻሙ የሚስቁትን ሴቶች አየ፤ አፉን መልሶ ዘጋው።

ቦቴው ባዶ ሲሆን ሐጂ በመስኮት እጃችንን ጨብጠው «በሰላም ግቡ፣ ኢንሻአላህ» አሉን። እሳቸው እዚያው ሊሰነብቱ ነው። እኛ ደግሞ በዚያው መንገድ እንመለሳለን።