ጋምቤላ በአየር ቅርብ ናት

በሐይቅና በአምባሰል ምድር ሰው የመንገድ ርቀት ሲጠየቅ እውነቱን አይናገርም። ክፋት መስሏችሁ እንዳትቀየሙን። ላቡ በጆሮ ግንዱ የሚንቆረቆር መንገደኛ አስቁሟችሁ «አርዲቦ ሐይቅ ሩቅ ነው?» ቢላችሁ፣ «አዎ፣ ገና ነህ» ብሎ ቅስሙን መስበር ነውር ነው። «አብሽር፣ እቺው ናት፣ ከጉብታዋ ጀርባ» ትሉታላችሁ። ከጉብታዋ ጀርባ ሌላ ጉብታ አለ። እዚያ የሚያገኘው ሰውም እንደኛው ደግ ነው፤ ምስኪኑ እንዲህ እየተዋሸለት ይደርሳል።

ይህ ደግነታችን በእግር እስከተሄደ ድረስ ብዙም ጉዳት አልነበረውም። ጣጣው የመጣው ጎረቤታችን ሸህ እንድሪስ ዘመናዊ ስልክ የያዙ ለት ነው።

የእህቴ ልጅ ጀማል ጋምቤላ የጤና ባለሙያ ነው። የውጫሌዋን ዘሐራን ይወዳል፣ እሷም ትወደዋለች። አባቷ ሐጂ ሙሄ ልጁን አልጠሉትም፤ የጠሉት ጋምቤላን ነው። «ታላቋን ለሩቅ አገር ድሬ ይኸው ድምጿን በስልክ ነው የምሰማው። ይቺን አልደግምም» ብለው ሽማግሌ አንዴ መልሰዋል። አሁንም ከመለሱ ነገሩ አበቃ። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር አንደበተ ርቱዑን ሸህ እንድሪስን ላክን፤ እኔም አጃቢ ሆኜ ተከተልኩ።

ሚኒባሱ ከሐይቅ እንደወጣ ሸሁ ስልካቸውን ሲጎረጉሩ ቆይተው ፊታቸው በራ። የሁለት ከተማ ስም ሲሰጡት የበረራ ሰዓቱን የሚናገር ገጽ አግኝተዋል። ከውጫሌ ጋምቤላ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ውጫሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሌላት መሆኑ ገጹን ግድ አልሰጠውም።

«ሸህዬ፣ ከየት ተነስቶ ነው የሚበረው?» አልኳቸው።

«ዝም በል፣ ሽምግልና ላይ ነን» አሉኝ።

ሐጂ ሙሄ ቤት ደርሰን፣ ተቀመጡ ስንባል እንደ ወጉ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም ብለን ቆምን። ሸሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ሐጂ፣ ጋምቤላ እኮ በአየር ቅርብ ናት፣ ወላሂ። ቁርስዎን ቀምሰው ቢነሱ ምሳ ሳይቀርብ ልጅዎ ቤት ነዎት» አሉ። በስልክ ገጽ ሲማል ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። «እንዲህ ከቀረበችማ ሰጥቻለሁ።»

ሸሁ ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ ሐጂ ቀጠሉ። «ዘሐራ ግን እዚሁ ውጫሌ ትቀመጣለች። ጀማል ጧት ሥራው ይሂድ፣ ማታ ማታ እየበረረ ይምጣላት።»

ሸሁ እንዳጎነበሱ ቀሩ። እኔም ያን ልጅ ምን ብዬ እነግረዋለሁ እያልኩ ጫማዬን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

ይሄኔ ዘሐራ ከጓዳ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወጣች። ለጉዳዩ ባለቤት መውጣት ወግ አይደለም፤ ወጣች።

«አባዬ፣ እሱ በአውሮፕላን አይመጣም። እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ታድሮ ነው የሚደረሰው፣ ሾፌር ጠይቄያለሁ። ሩቅ ነው። ቢርቅም እሄዳለሁ» አለች።

ሐጂ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ያልዋሸችኝ እሷ ብቻ ናት» ብለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፤ እኛም ዘረጋን። ለሙሽሮቹ ትዳር ከመለመናቸው በፊት ለአውቶቡሱ ሾፌር ለመኑ፤ እንቅልፍ እንዳይጥለው።

ከሁላችንም ጮክ ብለው «አሚን» ያሉት ሸህ እንድሪስ ናቸው።