ለገጽ መገልበጫ የሚሆን ዝምታ

ኦሪን ሃልቮርሰን ሙዚቃውን ጽፎ ጨርሷል። የቀረው ኖታውን በኮምፒውተር አሳምሮ ማተም ብቻ ነበር። ይህን ሥራ «ብቻ» ብሎ የሚጠራ ሰው፣ ይቅር ይበለውና፣ ገና ምንም አልቀመሰም።

ሚስቱ ማሪት በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ባለች አንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ባሱን ነፊ ናት። ባሱን ረጅም የእንጨት መሣሪያ ነው፤ ሁለት እጅ ይይዛል፣ ትንፋሽ ይጨርሳል። የሁለተኛ ባሱን ነፊ ዋና ሥራ ግን ተራው እስኪደርስ ዝም ብሎ ምት መቁጠር ነው። ሌላው ሲነፋና ሲገዘግዝ ማሪት ስትቆጥር ዕድሜዋን ጨረሰች። አሁን በሰኔ ጡረታ ልትወጣ ነው። ኦሪን አንጀቱ አልቻለም። ለስንብቷ ሙዚቃ ጻፈላት፤ መሐሉ ላይ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ እሷ ብቻዋን የምትነፋው ረጅም ዜማ አለው።

«አንድ ቀን እንኳ ሰው ይስማሽ እንጂ!» አላት።

ማሪት ዜማውን ወጥ ቤት ውስጥ እየነፋች ባንድ ሳምንት በቃሏ ያዘችው። ኦርኬስትራው ሙዚቃውን ለስንብቷ ምሽት ተቀበለ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበረ፤ ኖታውን የኖታ ቤቱ ኃላፊ ሚስተር ክሌማን ማጽደቅ አለባቸው። ካላጸደቁት ከዝግጅቱ ይሰረዛል።

ኦሪን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። አንዲት ነጥብ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ሲያደርግ ሦስተኛው ገጽ ላይ የነበረው ከበሮ ተነሥቶ አምስተኛው ላይ ተኛ። «ቀስ ብሎ» የሚለውን ቃል ከቫዮሊኖቹ ራስ ላይ ቢያነሣው ከመለከቶቹ እግር ሥር ተገኘ። ወደ ቦታው ሲመልሰው ፕሮግራሙ በትሕትና «አሻሽዬልሃለሁ» የሚል ጽሑፍ አወጣለትና መልሶ ወሰደው። ኦሪን የፕሮግራሙ የእርዳታ መስመር ላይ ደወለ።

«ጌታዬ፣ ይህ ስህተት አይደለም» አለው ስልኩን ያነሣው ልጅ። «ፕሮግራሙ ብልህ ስለሆነ ነው።»

«ብልህነቱን ማጥፋት አይቻልም?»

«እሱን በሚቀጥለው እትም እያሰብንበት ነው።»

እንደምንም አትሞ ወሰደው። ሚስተር ክሌማን ማስመሪያቸውን አወጡና ኅዳጉን ለኩ። ፊታቸው በራ። ከዚያ የማሪት ገጽ ላይ ሲደርሱ ጠቆረ።

«ዜማው እንዴት ነው?» አለ ኦሪን፣ ፈራ ተባ እያለ።

«የቱ ዜማ? እኔ የማየው ገጹን ነው። ሴትዮዋ ገጹ ሲያልቅ ገና እየነፋች ነው። በምኗ ትገልብጠው? በአፍንጫዋ?»

እውነት ለመናገር ሕጉ ሕግ ነው፤ ነፊ ገጽ የሚገለብጥበት ትንሽ ዝምታ ያስፈልገዋል። ኦሪን ዜማው አንድ ገጽ ላይ እንዲያልቅ ኖታውን አሳነሰው፤ ጉንዳን አከለ፣ አይነበብም ተባለ። ተመለሰ። እንደ መንገድ ካርታ የሚዘረጋ ወረቀት ሠራ፤ ወረቀቱ ሲዘረጋ የጎረቤትን ዓይን ያወጣል ተባለ። ተመለሰ። በመጨረሻ ማሪት ራሷ ሄደች።

«ሚስተር ክሌማን፣ እኔ እኮ በቃሌ ይዤዋለሁ። ገጹን ጭራሽ አላየውም።»

«በቃል የተያዘ ነገር ኅዳጉ ስንት ነው?» አሉ ሚስተር ክሌማን። «አየሽ፣ ሊለካ አይችልም። ባልሽ ትንሽ ዝምታ ይጨምርና እንገላገል።»

ኦሪን ትንሽ ዝምታ ጨመረ። ፕሮግራሙ ዜማውን ገፍቶ ከሚቀጥለው ገጽ ግርጌ ላይ አንጠለጠለው። እዚያም ዝምታ ጨመረ። ዜማው አሁንም ሸሸ፣ ኦሪንም በዝምታ አሳደደው። ያሳደደውን ያህል ዜማው እየሳሳ፣ ገጹ ግን እያማረ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ኖታዎች የሰረዘ ዕለት ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምንም ስህተት አልተገኘም» አለው። ኦሪን ከደስታው ብዛት ጮኸ።

ሚስተር ክሌማን ገጹን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መብራቱ ከፍ አደረጉት። «በዚህ ቤት እንዲህ ያለ የባሱን ገጽ አይቼ አላውቅም» ብለው ማኅተማቸውን መቱበት።

ኦሪን እየሮጠ ቤቱ ገባ። «ጸደቀ! እስቲ እይው!»

ማሪት መነጽሯን አደረገች። «ያምራል» አለች። ገለበጠችው። «መገልበጡም ቀላል ነው። ዜማዬስ?»

«እ… ገጹ አልበቃውም።»

«አንተ ሰውዬ፣ የሠርጉን ቀሚስ ስታሳምር ሙሽራዋን ረሳሃት እኮ!»

ያኔ ነው የሠራውን ያየው። ስልኩን አንሥቶ ኖታ ቤት ደወለ፤ የጸደቀ ነገር አይነካም አሉት። እንዲህም አፍሮ አያውቅም።

የስንብቱ ምሽት ደረሰ። ሙዚቃው መሐል ላይ ሲደርስ ኦርኬስትራው በታዘዘው መሠረት ዝም አለ፤ መሪውም ባዶውን በዱላቸው መቁጠር ጀመሩ። ማሪት ያንን ያማረ ገጽ ትንሽ አየችውና አጠፈችው። ባሱኗን አነሣች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ዜማዋን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነፋችው። መሪው ዱላቸውን አወረዱ። ኦሪን መዳፉን አፉ ላይ ጭኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበላት።

ከመጋረጃው ጀርባ ሚስተር ክሌማን ዓይናቸው ቀልቶ መጡ።

«ማሪት፣ አስለቀስሽኝ» አሉ። ከዚያ መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ማስመሪያቸውን አወጡ። «ይሁን እንጂ በጸደቀው ገጽ ላይ የሌለ ድምፅ ተሰምቷል። ነገ የኦርኬስትራው ኮሚቴ ይሰበሰባል።»

«ኖታው ሊስተካከል ነው?» አለ ኦሪን፣ ተስፋው ለምልሞ።

«ኖታውማ እንከን የለበትም» አሉ ሚስተር ክሌማን። «አቤቱታ የቀረበው በሙዚቃው ላይ ነው።»