የገረባ ጉዳይ

እኛ ወሎዎች ጉዳይ ይዘን ሰው ቤት ስንሄድ ጉዳዩን አንናገርም። ይህን የማያውቅ እንግዳ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ የመጣ ችኩል፣ ነገር የምናድበሰብስ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ገብተን እንቀመጣለን፤ እነ እከሌ እንዴት ናቸው፣ ዝናቡ ጣለ ወይ፣ ያቺ ላም ወለደች ወይ እንላለን፤ የቀረበልንን ቀምሰን፣ መርቀን እንነሳለን። ባለቤቱም ሊሸኘን ወጥቶ ጫማችንን ስናጠልቅ «ለመሆኑ በደህና ነው የመጣችሁት?» ይላል። ጉዳይ የሚነገረው ያኔ ነው። በር ላይ። እስቲ እናንተም ሞክሩት፤ ተቀምጣችሁ ብትጠይቁ የምትከለከሉትን ቆማችሁ ታገኙታላችሁ።

እኔ ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ እሳት የማውቀው እንደሚያቃጥል ብቻ ነበር። የእህቴ ልጅ ሰዓዳ ግን ኮምቦልቻ ምህንድስና ትማራለች፤ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፏም ስለ ገረባ ነው። ቃሚው ለስላሳውን መርጦ የሚጥለውን የጫት ቅጠልና እንጨት ማለቴ ነው፤ ጫቱ ቢስቲማ ከሚባለው ከተማ በኩል ይመጣል፤ ገበያው ሲበተን ገረባው መንገዱን ይሞላል። ሰዓዳ ይህን አድርቃና ጠፍጥፋ የዳቦ ቤት ምድጃ ልታነድበት ታስባለች። በመጀመሪያ ግን ኮምፒውተር ውስጥ ማንደድ አለባት።

ኮምፒውተር ውስጥ ምን እንደሚነድ ስጠይቃት ታግሣ አስረዳችኝ። ሶፍትዌር አለ፤ ነዳጁንና አየሩን ሲነግሩት እሳቱ ምን ያህል እንደሚግል፣ ጭሱ ምን እንደሚይዝ አስልቶ ያሳያል። ታዲያ ለእያንዳንዱ ነገር የሙቀት ጠባዩን የሚናገሩ ቁጥሮች ይፈልጋል፤ ለመጋል ምን ያህል ሙቀት እንደሚፈጅ፣ ሲነድ ምን ያህል እንደሚለቅ። ሶፍትዌሩ የሮኬት ነዳጅን ጠባይ ከነዘር ማንዘሩ ያውቃል። ገረባን አያውቅም። ሰዓዳ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የመረጃ ቋት ሁሉ ብታስስ ገረባን የሚያውቅ ጠፋ።

«የባሕር ዛፉን ቁጥር ብትሰጪውስ?» አልኳት።

«አጎቴ፣ ያ በሰው መታወቂያ መሄድ ነው። አማካሪዬም አይቀበሉኝም» አለች።

የማስረከቢያው ቀን ቀርቧል፤ ቁጥሩ ካልተገኘ ርእሱን ጥላ ዓመቱን ልትደግም ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲሰበስቡ ለኖሩ የውጭ አገር ምሁራን ኢሜይል ልካ አንድም አልመለሰላትም። ፊቷ ከስቶ ሳየው «እስቲ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽላቸው?» አልኳት።

የላከችውን አሳየችኝ። «የጫት እንጨት የሙቀት መረጃ ካለዎት ይላኩልኝ» ይላል። በቃ። ሰላምታ የለ፣ ደህና ዋሉ የለ። እንዲህ ለሚል ሰው እንኳን ፈረንጅ፣ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ያለው ጎረቤቴም በር አይከፍትለትም። «ለሰው እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? እኔ ልጻፍልሽ» አልኳት። ተስፋ ቆርጣ ስለነበር ኮምፒውተሩን ለቀቀችልኝ።

ከምሁራኑ መካከል ሽበታቸው ደስ ያለኝን አንድ አዛውንት መርጬ ጻፍኩ። ማን እንደሆንኩ፣ ስለ ደሴ ብርድ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ የኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት እንደሚቀበል፣ የእህቴ ልጅ እሳት እንደምታጠና ነገርኳቸው። የቤተሰባቸውን ጤንነት ጠየቅኩ፤ ክረምቱ እንዴት እንደያዛቸው ጠየቅኩ። መርቄ ላኩት።

ሰዓዳ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«አጎቴ፣ ጥያቄው የታለ?»

«ጥያቄውማ በር ላይ ነው።»

«የምን በር?»

«ሲሸኙን ይጠይቁናል፤ አብሽሪ።»

«ወላሂ ጨረሱኝ» ብላ ራሷን ያዘች። ያን ቀን ወደ ኮምቦልቻ የወረደችው በቅጡ ሳትሰናበተኝ ነው። እውነቱን ለመናገር እሷ ስትሄድ እኔም ፈራሁ። ፈረንጅ እንግዳውን በር ድረስ ይሸኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ረጅም ነው። ሚስታቸው ጉልበታቸውን ታመው እንደሰነበቱ፣ በረዶው እንዳስመረራቸው፣ ሰው ሁሉ ቁጥር ፈልጎ ሲጽፍላቸው ቤተሰባቸውን የጠየቀ ግን እንደሌለ ያወራሉ። ከስማቸው በታች፣ መጨረሻው ላይ፣ አንድ መስመር ነበረች። «ለመሆኑ የእህትዎ ልጅ ከእኔ የምትፈልገው ነገር ይኖር ይሆን?»

በሩ ላይ ደርሰናል።

ሰዓዳ ጥያቄዋን ራሷ ጻፈች፤ የሚስታቸውን ጉልበት አስቀድማ። ሰውየውም የገረባ ቁጥር የትም እንደሌለ አረጋገጡላት፤ ነገር ግን ገረባውን አስመርምራ ሲነድ የሚለቀውን ሙቀትና የያዘውን የካርቦንና የሃይድሮጂን ድርሻ ካመጣች፣ ቀሪው እንዴት እንደሚሰላ አሳዩዋት። አስመረመረች፤ አሰላች፤ ገረባው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነደደ። ስትመረቅ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

ጽሑፏ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ቤቴ መጥታ ስልኳን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ከሩቅ አገር አንድ ተማሪ ጽፎላታል። «የገረባውን ሙሉ ቁጥር ላኪልኝ» ይላል። በቃ።

«ልጁ ቸግሮት ይሆናል፤ ላኪለት እንጂ» አልኳት።

«ደህና ዋልሽ እንኳ ሳይለኝ?» ብላ ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

ምን ልበል? ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስለ እናቷ አወራን፣ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት አወራን፣ ልጁን አላነሳንም። ስትነሳ ልሸኛት ወጣሁ። ጫማዋን እያጠለቀች ቀና አለችና፣

«አጎቴ፣ ለዚያ ልጅ ልላክለት?» አለችኝ።