ሃምሳ ዓመት ያልሞላው ሐይቅ

ዛሬ መቂ ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ “እሰይ!” ትላላችሁ። በተለይ ኮሜንት ላይ የምትሰድቡኝ።

ስለ መቂው ሐይቅ “ሐይቁ የትም አይሄድም” ያልኩበትን ፖስት ታስታውሳላችሁ? ሐይቁ ሊደርቅ ነው የሚሉትን “በወርክሾፕ አበል የሚኖሩ” ብዬ የዘለፍኩበትን? ሼር ያደረጋችሁት እናንተው ናችሁ!

እኔ በምኖርበት አዳማ ጫልቱ የምትባል የውሃ መሐንዲስ ጎረቤት አለችኝ። አልተከራከረችኝም። የሐይቁን የወደፊት ሃምሳ ዓመት የሚያሰላ ሶፍትዌር ላፕቶፔ ላይ ጫነችልኝና “ጋሼ፣ ራስዎ ይዩት” አለችኝ።

እኔ ብቻዬን አላይም! የመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም አምራቾችን አዳራሽ ሰበሰብኩ። በፕሮጀክተር!

ከፊት ኦቦ ደበላ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው። ሐይቁ ዳር ያለ ማሳቸው ላይ አቮካዶ ሊተክሉ ስልሳ ጉድጓድ አስቆፍረዋል። የልጃቸው ሚስት ፖስቴን አንብባላቸው ነው ለመትከል የቆረጡት። ችግኙ በር ላይ፣ ጋሪ ላይ ይጠብቃል።

“ማሽንህ እሺ ካለ ዛሬውኑ እተክላለሁ” አሉኝ።

አስነሳሁት። ዘጠኝ ደቂቃ ሄዶ ቆመ። የውጤቱን ፋይል ከፈትኩ።

ባዶ።

አንዲት ቁጥር የለችም። ነጭ ግድግዳ ላይ ነጭ ገጽ።

“ጋሽዬ፣ ፊልሙ አልጀመረም እንዴ?” አለ ከኋላ አንድ የቲማቲም ደላላ።

ደገምኩት። ዘጠኝ ደቂቃ። ባዶ። የአምራቾቹ ማኅበር ጸሐፊ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት። ዘጠኝ ደቂቃ። ባዶ።

ከዚያ ጥፋተኛዋን አገኘኋት! “ጳጉሜ ናት! የገባለት የዝናብ መዝገብ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ሶፍትዌር አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ ይደነግጣል!” ጭብጨባ! ከዚያ በኋላ ስለ ቀን አቆጣጠራችን የሰጠሁትን ሌክቸር ልዝለልላችሁ።

ጫልቱ ጋ ደወልኩ። ስፒከር ላይ፣ ሕዝብ ይስማ ብዬ።

“ጳጉሜን ቀድሜ አስተካክያታለሁ ጋሼ። እስቲ ዝናቡን እጥፍ ያድርጉት።”

አደረግኩት። በአንድ ጣት! አሥራ አንድ ደቂቃ ሄደ። ቆመ። ባዶ።

አሁን የሚስቅ የለም። እኩለ ቀን ነው፣ አዳራሹ ምድጃ ነው።

“ሶፍትዌሩ ደህና ነው” አለች ጫልቱ፣ ቀስ ብላ። “ውጤት የሚጽፈው ሃምሳውን ዓመት ሲጨርስ ብቻ ነው። ከውጤቱ ፋይል ጎን ትንሽ ፋይል አለች፤ የመጨረሻዋን መስመር ያንብቡልኝ።”

ጮክ ብዬ አነበብኩ። “የሐይቁ ውሃ አልቋል። ስሌቱ ቆሟል።”

ከመስኮቱ ውጭ አንድ የውሃ ፓምፕ ከጠዋት ጀምሮ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ያስለው ጀመር። ውሃ ሳይሆን አየር እየሳበ። ዞር ብሎ ያየ ሰው የለም። የለመዱት ድምፅ ነው።

“ታዲያ ልትከል ወይስ ልተው?” አሉኝ ኦቦ ደበላ።

በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት ያለኝ ሰውዬ ፕሮጀክተሩን አጠፋሁ።

ተነስተው ወጡ። ተከተልኳቸው። ከጋሪው አንድ ችግኝ አንስተው አሳቀፉኝ።

“አንተ ትከለው። አዳማ ቧንቧ አላችሁ አሉ።”

“ጉድጓዶቹስ ኦቦ?”

“እነሱ እንኳ የትም አይሄዱም።”

እስከ አዳማ ሚኒባስ ውስጥ ታቅፌው መጣሁ። በረንዳዬ ላይ አስቀምጬው ላጠጣው ቧንቧውን ከፈትኩ።

ቧንቧውንም አሳለው።

ለመሆኑ አቮካዶ በቀን ስንት ሊትር ይጠጣል? የምታውቁ ንገሩኝ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ማወቅ አቁሜያለሁ።