አባቱ ያልተጻፈ ጠርሙስ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ጠርሙሶች ተሰብስበው ሰው ሲቀምሱ አየሁ።

ቦታው የኛው ማኅበር አዳራሽ ነበር፤ ኡራኤል አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ብርቅዬ ውስኪ የምንቀምስበት። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ግን አባላቱ ሳይሆኑ ጠርሙሶች ነበሩ። እግራቸውን አጣምረዋል። እግር ከየት እንዳመጡ አልጠየቅኩም። ጠረጴዛው ላይ በተደረደሩት ብርጭቆዎች ውስጥ ደግሞ አባላቱ ቆመዋል፤ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሁለት የጥርስ ሐኪሞች፣ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ። ሰብሳቢው ወፍራም ጠርሙስ ዳኛውን ከነብርጭቋቸው አንስቶ አሽከረከራቸውና አሸተታቸው።

«ካፖርት ካፖርት ይላል» አለ። «መጨረሻው ላይ ደግሞ መዝገብ ቤት።»

«ዕድሜውስ?»

«ወረቀቱ ሰባ ሁለት ይላል። እኔ ስልሳም አልሰጠው። ተጨምሮበታል።»

«ሰባ ሁለት ነኝ እኮ!» ብለው ዳኛው ከብርጭቆው ውስጥ ጮኹ። ማንም አልሰማቸውም። ጠርሙሶቹ እርስ በርስ ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። «ልክ ናቸው፣ ይጠርጥሩ!» አልኩ በልቤ።

በመጠርጠር የማምን ሰው ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ያደረግኩትንም ያደረግኩት ለዚህ ነው። የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ድልነሳ ስልሳ ዓመት መሙላቱን ምክንያት አድርጎ አንድ ጠርሙስ ከፈተልን። ወረቀቱ ላይ የበርሜሉ ቁጥር አለ። ውስኪው በርሜል የገባበት ዓመት አለ። ከበርሜሉ ስንት ጠርሙስ እንደወጣ ሳይቀር ተጽፏል። ያወጣው ፋብሪካ ስም ግን የለም። በቦታው ያለው የአንድ ነጋዴ ስም ነው፤ በርሜሉን ከፋብሪካ ገዝቶ በራሱ ጠርሙስ ያሸገ ነጋዴ።

ድልነሳ «ይሄ የተለመደ ነው፤ ፋብሪካው በርሜሉን ሲሸጥላቸው ስሜን እንዳትጠሩ ብሎ ያስፈርማቸዋል» አለ።

ብድግ አልኩ። ልጅ ሲመዘገብ፣ መታወቂያ ሲወጣ፣ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ እንኳ የአባት ስም በሚጠራበት አገር፣ አባቱን የደበቀ ጠርሙስ ይዘህ ፊታችን ትቀርባለህ ወይ አልኩት። ባዶ ጠርሙስ ሰብስበው ያገኙትን ሞልተው የሚያሽጉ ሰዎች በሞሉበት ከተማ! ውስኪው ሐሰተኛ ነው አልኩ። እሱንም ሐሰተኛ አልኩት። አርባ ሰው ፊት። በዚያም አላበቃሁም። ለማኅበሩ መጽሔት ሁለት ገጽ ጽፌ ላክሁ። መጽሔቱ ሰኞ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። በደንባችን መሠረት በመጽሔቱ ላይ በሐሰተኛነት ስሙ የወጣ አባል ይሰረዛል። ድልነሳ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዚያ አዳራሽ ሌላ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ጽሑፉን ስጽፍም ይህን አውቅ ነበር።

ወደ ሕልሜ ልመለስ።

ዞር ስል አዳራሹ የለም። በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ነኝ። ጆንያ የተሸከሙ ጠርሙሶች በየግቢው በር እየዞሩ ይጣራሉ።

«ባዶ ሰው ያለው! አሮጌ ሰው፣ የተሰነጠቀ ሰው፣ ባዶ ሰው!»

አንዲት ሴትዮ ባሏን በክንዱ ይዛ ከግቢ ወጣች።

«ይሄ ባዶ ነው?» አላት ጠርሙሱ።

«ጡረታ ከወጣ ወዲህ ምንም የለበትም።»

ጠርሙሱ ባልየውን ዘቅዝቆ አራገፈው። ሁለት ጠብታ ወጣ። ባልየው ይቅርታ ጠየቀ።

«ምን ልታደርጉት ነው?» አልኩ።

«አጥበን፣ ያገኘነውን ሞልተን፣ አናቱን በሰም አሽገን አማካሪ ብለን እንሸጠዋለን።»

«ይሄ ወንጀል ነው! እጽፍባችኋለሁ!»

«አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» አለኝ፤ ደረቴን እያየ።

እኔም አየሁት። ሸሚዜ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ሽብሩ። ከአንድ በርሜል ብቻ የወጣ። ውሃ ያልተጨመረበት። ቁጥር ሰማንያ ስምንት።» ይላል። የአባቴ ስም የለም። በጥፍሬ ልልጠው ሞከርኩ፤ የሚላጠው ቆዳዬ ሆነ።

ቀና ስል አዳራሹ ውስጥ ነኝ። እስከ ብብቴ ብርጭቆ ውስጥ ገብቻለሁ። ጠርሙሶቹ ሁሉ አጎንብሰው ያዩኛል።

«የአባት ስም?» አለ ሰብሳቢው።

«ገሠሠ! ሽብሩ ገሠሠ!»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ዛሬ ጠዋት ብቻ አሥራ ሁለት የገሠሠ ልጅ መጥቶልናል።»

«መታወቂያ አለኝ!» ብዬ ኪሴ ገባሁ። የወጣው ቡሽ ነበር።

«አየኸው፤ የቡሹም ሽታ አላማረኝም» አለ አንድ ቀጭን ጠርሙስ ለጎረቤቱ።

«ምስክር አለህ?» አለ ሰብሳቢው። «በርሜል ሳትገባ የቀመሰህ፣ ከመታሸግህ በፊት የሚያውቅህ ሰው?»

«ከሌለኝስ?»

ሰብሳቢው በአንገቱ ወደ እጅ መታጠቢያው ጠቆመኝ። የጸሐፊያችን መነጽር ማፍሰሻው ቀዳዳ አፍ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል።

የሚያውቁኝን ሰዎች አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። የዩኒቨርሲቲ መምህሬን በጋዜጣ ዘልፌያቸዋለሁ። ሚዜዬን በመጽሔት። የአጎቴን ልጅ በሁለቱም። ምስክር ሆኖ ሊቆምልኝ የሚችል አንድ ሰው ቀርቶኝ ነበር፤ እሱንም ቅዳሜ ዕለት ጨረስኩት።

በሩ ተከፈተና ድልነሳ ገባ። ቡናማ ሹራቡን ለብሷል። ማንም አልጠራውም፤ ይሄም ወዲያው አጠራጠረኝ።

«ታውቀዋለህ?» አለው ሰብሳቢው።

«አውቀዋለሁ።»

ብርጭቆዬን በሁለት እጁ አነሳው። የእጁ ሙቀት በመስታወቱ አልፎ ጎኔ ላይ ተሰማኝ።

«መጀመሪያ አፍ ያቃጥላል» አለ ድልነሳ። «ብዙ ሰው እዚያው ላይ ይተወዋል። ለታገሠው ግን ከሥር ማር አለው። ጥቂት ውሃ ጠብ ቢደረግበት ደግሞ ይፈታል። አባቱን ጋሽ ገሠሠን አውቃቸዋለሁ፤ ሲቀበሩ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ይሄ ሰው እውነተኛ ነው።»

ቀጭኑ ጠርሙስ አፍንጫውን ጠረገ።

«ሰማኸው?» አለኝ ሰብሳቢው። «ምስክሩን እቀበላለሁ በል፤ ወደ መደርደሪያህ ትመለሳለህ።»

አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩ። ቅዳሜ አርባ ሰው ፊት ያዋረድኩት ሰው ዛሬ ሳይጠራ መጥቶ የሚያሞግሰኝ ለምንድን ነው? ማር? እኔ ማር? ምን ፈልጎ ነው? ከብርጭቆው ጠርዝ ላይ ብቅ ብዬ አሸተትኩት። ደግነት ደግነት ይላል። በመጨረሻም ደግነት። ይህን ያህል የጠራ ነገር ሰው ላይ አይገኝም፤ ተጨምሮበታል።

«ሽቤ፣ እሺ በላቸው» አለኝ በሹክሹክታ። «በኋላ ትሰድበኛለህ።»

«አልቀበልም!» ብዬ ጮኽኩ። «ምስክሩ ሐሰተኛ ነው!»

ጠርሙሶቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ፤ አዳራሹ የመስታወት ጫጫታ ሆነ። «ይሄማ የኛ ሰው ነው!» ተባባሉ። እያደነቁኝ በእግሬ አንስተው ማፍሰሻው ላይ ዘቀዘቁኝ። ቀዳዳው ከቅርብ ሲያዩት በጣም ጥልቅ ነው። ድልነሳ እየሮጠ መጣና ሁለት እጆቹን አጣምሮ ከሥሬ ዘረጋ። በጣቶቹ መሀል ጠብ፣ ጠብ ስል ነቃሁ።

ሰኞ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፊቴን ሳልታጠብ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ለፈትለወርቅ ደወልኩ።

«ፈትለ፣ ያንን ጽሑፍ ከመጽሔቱ አውጪልኝ!»

«ጋሽ ሽብሩ? እንዴት አደርክ? የቱን ጽሑፍ?»

«የድልነሳን!»

«እሱማ ትናንት ታርሞ መጣ እኮ።»

«ማን አረመው?»

«ጋሽ ድልነሳ ነዋ። ሁልጊዜ እሱ አይደል የሚያርምልህ?»

«የምን ሁልጊዜ?»



«ውይ፣ በሞትኩት! አታውቅም ነበር? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኮ ነው። አትቀየመኝ ጋሽዬ፤ አንተ የምትልከው እንዳለ አይወጣም ነበር። ቁጣው አለ፣ ጽሑፉ የለም። እሱ ነው ቁጭ ብሎ የሚጽፈው። እንዳትነግሪው ብሎ አስምሎኛል።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ይሄኛውንም?»

«ይሄኛውንማ እንደ አዲስ ነው የጻፈው። ‹ይቺ ለስልሳለች፣ ሽብሩ እንዲህ አይጽፍም› አለኝ። ራሱን ምን ምን እንዳለው ብታይ! ሳነበው አለቀስኩ። ተወው፣ ላስቀረው ብለው እምቢ አለ፤ ‹ሽብሩ ፈርቶ ነው ይሉታል› አለኝ።»

በስልኩ ውስጥ ከኋላዋ አንድ ሰው ሲጣራ ይሰማኛል።

«ጋሽ ሽብሩ፣ የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ በር ላይ ቆሟል። ቶሎ በለኝ» አለች። «ከሥሩ ያንተን ስም እንዳለ ልተወው?»